ወጡና ድስቱ፦ ስለ ኬሚካልና ማቴሪያል ምህንድስና ትምህርት በድሬዳዋ የተደረገ የሕዝብ ንግግር



ይህን በራድ ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ሻይ ላፈላ አይደለም። ሻይ አለ ብዬ አስነግሬ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ከዚህም በላይ በሞላ ነበር። የመጣሁት ውስጡን ላሳያችሁ ነው። ክዳኑን አንስታችሁ ብታዩት ነጭ፣ ሻካራ፣ በጥፍር የማይላቀቅ ቅርፊት ለብሷል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ቅርፊት አጥቶት አያውቅም። ጎረቤቶቻችን «የውሃው ጨው» ይሉታል፤ እናቴ ደግሞ «ኖራው» ትለዋለች። ኬሚስት ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ ለእናቴ ይፈርድላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች አብዛኞቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው። ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን ይህ አገር ባሕር ነበር፤ ድንጋዩም የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በመጠኑ ይኮመጥጣል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ሲሰርግ ከድንጋዩ ጥቂት ጥቂት እያሟሟ ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ውሃ ከሳቢያን ጉድጓዶች ስበን እናወጣለን፤ በራድ ውስጥ እናፈላዋለን። ሲፈላ ጋዙ ያመልጣል፣ የሟሟው ድንጋይ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሻይ በጣድን ቁጥር ከተራራው ላይ ትንሽ ቆንጥረን በራዱን እንለስነዋለን ማለት ነው።

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ኬሚካልና ማቴሪያል ምህንድስና ትምህርት ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ስም ሲሰሙ ነጭ ጋውን፣ የመስታወት ብልቃጥ፣ ምናልባትም ፍንዳታ ይታያቸዋል። አንዲት እናት ባለፈው ዓመት «ልጄ ኬሚካል ደረሰው፤ ሳንባው አይጎዳም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። አልሳቅሁም፤ ጥያቄው ከብዙ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ንግግሮች ይልቅ ቁም ነገር አለው። ለእርሳቸው የሰጠሁት መልስ አጭር ስለነበረ ዛሬ ላስረዝመው።

ይህ በራድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛው ስለ ውሃው ነው፦ ምን ያህል ድንጋይ ሟሙቶበታል? በስንት ዲግሪ ይለቀዋል? በቀን ስንት ሊትር ሲያልፍ ስንት ግራም ይቀራል? ሁለተኛው ስለ በራዱ ነው፦ ቅርፊቱ በእሳቱና በውሃው መካከል ሲገባ ሙቀቱ እንዴት ያልፋል? ስንት ተጨማሪ ከሰል ይበላል? ብረቱስ ከሥር ምን እየሆነ ነው? የመጀመሪያውን የሚጠይቀው የኬሚካል መሐንዲስ ነው፤ ሁለተኛውን የሚጠይቀው የማቴሪያል መሐንዲስ። እኔ ለራሴ የወጡ ጥያቄና የድስቱ ጥያቄ እላቸዋለሁ። ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አይወጣም፤ ወጡን ብቻ የሚያውቅ ድስቱ ይፈስበታል፣ ድስቱን ብቻ የሚያውቅ የሚያበስለው የለውም።

ከወጡ ልጀምር። ኬሚስት ሌላ፣ የኬሚካል መሐንዲስ ሌላ የሚሆነው ለምንድን ነው? ለአምስት ሰው ጥሩ ዶሮ ወጥ የምትሠራ ሴት ታውቃላችሁ። ለሠርግ፣ ለአምስት መቶ ሰው ሥሪ ስትባል ሁሉንም ነገር መቶ እጥፍ አድርጋ አንድ ድስት ላይ አትጥድም። ብታደርግ ሽንኩርቱ ከሥር ያርራል፣ ከላይ ጥሬ ይሆናል። ድስቱን በቁመትም በወርድም እጥፍ ብታደርጉት የሚይዘው ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እሳት የሚነካው ገላው ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጭልፋ ወጥ የሚደርሰው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል። የድግስ ወጥ ቤቶች ይህን ስሌት ሳይጽፉት ያውቁታል፤ ሽንኩርቱን ለብቻ ያቁላላሉ፣ በብዙ ድስት ይከፋፍላሉ፣ ማማሰያው እንደ መቅዘፊያ ይረዝማል። ኬሚስቱ ወጡ እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ የኬሚካል መሐንዲሱ የአምስት መቶውን ድግስ ያወጣል።

ሌላም አለ። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ በ96 ገደማ፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ። የባቡሩን መንገድ ተከትሎ ወደ ላይ የወጣ ሰው ባቄላው ለምን እንደሚዘገይ ይገረማል። እሳቱን ቢጨምር ጥቅም የለውም፤ ግፊቱን ነው መጨመር ያለበት። ተማሪዎቻችን «ቴርሞ» ብለው በአጭሩ የሚጠሩት፣ ብዙዎች የሚወድቁበት የቴርሞዳይናሚክስ ትምህርት መነሻው ይኸው ነው። መምህሩ ከባቄላው ቢጀምር ስንቱ ባለፈ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አዝናለሁ።

ሙያው ራሱ እንዴት እንደተወለደ ብዙ ሰው አያውቅም። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር ሶዳ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጨውን በሰልፈሪክ አሲድ ያበስሉ ነበር። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ የገበሬውን እርሻና ዛፍ ያደርቅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1863 ሕግ ወጣ፤ ፋብሪካዎቹ ከጋዙ 95 በመቶውን ይዘው እንዲያስቀሩ ግዴታ ሆነ፤ ተቆጣጣሪዎችም ተሾሙ። በኋላ ተቆጣጣሪ ከሆኑት አንዱ ጆርጅ ዴቪስ ነበር። ዴቪስ ከፋብሪካ ፋብሪካ ሲዞር አንድ ነገር አስተዋለ፦ ሳሙናውም፣ ሶዳውም፣ ቀለሙም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሥራዎች ነው፤ ማሞቅ፣ ማትነን፣ ማጥለል፣ መፍጨት፣ ጋዝን በውሃ ማጠብ። ይህን ሰብስቦ በ1887 ማንችስተር ላይ 12 ንግግሮች አደረገ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የኬሚካል ምህንድስና ትምህርት ጀመረ። ልብ በሉ፣ የሙያው አባት ፋብሪካ የከፈተ ሳይሆን ጭስ የተቆጣጠረ ሰው ነው። የሳንባውን ነገር የጠየቁኝ እናት ሳያውቁት የሙያውን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው የጠየቁት።

ያ ጋዝ ታጥቦ ሲያዝ ደግሞ ጨርቅ የሚያነጣ የክሎሪን ዱቄት ተሠራበት። የእኛ የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች የክሎሪኑን ሽታ ሳታስታውሱት አትቀሩም።

አሁን ወደ ድስቱ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማቴሪያል ምህንድስና በአገራችን ስሙ ገና ያልተለመደ ነው። ቁሳቁስ ከምን እንደተሠራ፣ ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ፣ በዚያም ምክንያት ለምን እንደሚጠነክር፣ እንደሚሰበር፣ እንደሚዝግ የሚመረምር ትምህርት ነው። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው በእያንዳንዱ ጓዳ አለ። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ ሳያሟሽ እንጀራ የሚጋግር አለ? የለም። የጎመን ዘር ተወቅጦ ምጣዱ ላይ ይታሻል፤ ሸክላው ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ዘይቱን ይመጥጣል፤ በሙቀቱ ዘይቱ ተያይዞ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ሊጡ የማይጣበቅበት ሽፋን ይሆናል። የዛሬ ፋብሪካዎች የብረትን ገጽ በሌላ ቁስ ሲሸፍኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሰው ማቴሪያል ምህንድስና ምንድን ነው ሲለኝ «ማሟሸት» እለዋለሁ፤ ወዲያው ይገባዋል።

ደግሞም ይህ ሙያ ድሬዳዋ ላይ ከከተማዋ በጣም ይቀድማል። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ገደሉ ላይ፣ ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ያሉት ዋሻ አለ፤ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት። ከዚያ ከተቆፈረው ውስጥ 4,213 ቁራጭ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ የሚሆን ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር ተለይቷል፤ ዕድሜውም 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ከአፈሩ ጋር መፍጫ ድንጋዮችም ተገኝተዋል፤ የተመራመሩት ሰዎች እንደሚያሳዩት ሰዎቹ አንዱን አፈር የላመ፣ ሌላውን ሸካራ አድርገው ይፈጩ ነበር፤ የተለያየ ቀለምም ያወጡ ነበር። ጥቁሩን የባልጩት ድንጋይ ደግሞ ከአሰቦት ተራራና ከዚያም በጣም ርቆ ካለው ከቆኔ አምጥተውታል። ባቡር የለ፣ ግመል የለ! የሚሹት ቁስ የትኛው እንደሆነ ስላወቁ ብቻ ያን ያህል ሄዱ። ዩኒቨርሲቲያችን የተከፈተው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው የማቴሪያል ላቦራቶሪያችን ግን ገደሉ ላይ ነው ብል ሬጅስትራሩ አይቀየመኝም።

ባቡሩን ካነሳሁ አይቀር፤ ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ደረሰ፣ ገንዘብም አለቀ፣ ባቡሩ ዓመታት እዚህ ቆመ፤ ከተማ የሆንነው በዚያ ነው። አሮጌውን ባቡር የተሳፈራችሁ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ታስታውሳላችሁ። ያ ድምፅ ስህተት አልነበረም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ሐዲዱን ከአየሩ በላይ ታግለዋለች። ስለዚህ በቁራጭ ሐዲዶች መካከል ክፍተት ይተዋል፤ መንኮራኩሩ ያንን ክፍተት ሲያልፍ ቀጭ ይላል። በአዲሱ ባቡር ድምፁ የለም፤ ሐዲዱ ተበይዷል፣ መርዘሙን የሚገታው ከሥር ያለው መያዣ ነው። ስንት የምድር ባቡር ሠራተኛ በዚያ ወርክሾፕ ብረት ሲያቀልጥ፣ ሲቀጠቅጥ፣ በዘይት ሲያበርድ ኖሯል! የእንፋሎቱ ባቡር በነበረበት ዘመን ደግሞ ትልቁ ጠላት ይኸው በራዱ ውስጥ የምታዩት ኖራ ነበር፤ የባቡር ማፍያ ማለት በመንኮራኩር ላይ የተቀመጠ በራድ ነው።

ወጡና ድስቱ በአንድ ቦታ ተገናኝተው ማየት የፈለገ ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይሂድ። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚህ ድሬዳዋ የተተከለው በአጋጣሚ አይደለም፤ ድንጋዩም ሐዲዱም እዚህ ነበሩ። ዛሬም ናሽናል ሲሚንቶን ጨምሮ ከዚሁ ድንጋይ የሚኖሩ ፋብሪካዎች አሉን።

በፋብሪካው የወጡ ጥያቄ ይህ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ብታቃጥሉ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራችኋል። 44ቱስ? አልጠፋም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ወጣ። የገባው ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንድም ሌባ አለ፣ አንድም ስሌቱ ተሳስቷል። ተማሪዎቻችን በሁለተኛ ዓመት የሚማሩት ማቴሪያል ባላንስ ከባለ ሱቅ ሒሳብ አይለይም፤ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች ምሽት ላይ የሚሠሩት እርሱን ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ይታያችኋል፦ ሲሚንቶ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣ ነው። ምድጃውን በፀሐይ ኃይል ብታነዱት እንኳ ያ ጋዝ አይቀርም። ክሊንከር ከሚባለው፣ ከምድጃው ከሚወጣው ቁስ ላይ ቀንሶ ፑሚስ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መቀላቀል ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ ይገባል፤ ስምጥ ሸለቆ ያለው አገር ደግሞ በዚህ አይታማም።

የድስቱ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። የኖራ ድንጋዩና የሸክላ አፈሩ ተቀላቅለው ክሊንከር የሚሆኑት በ1,450 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነበልባሉ ራሱ 2,000 ይደርሳል። ምድጃው ግን ረጅም የብረት በርሜል ነው፤ ጋደል ብሎ እየዞረ ይሠራል። ብረት ደግሞ ገና 600 ዲግሪ ሳይደርስ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል። ታዲያ እንዴት ያ ሁሉ እሳት በብረት ሆድ ውስጥ ይነዳል? በርሜሉ ከውስጥ እሳት በማይበግረው ጡብ ተነጥፏል። ጡቡ ግን ዘላለማዊ አይደለም፤ ትኩሱ ኖራ ይበላዋል፣ መዞሩ ያናጋዋል፣ ድንገት ሲቆምና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አንድ ጡብ ከወደቀ በሌሊት ከውጭ ስታዩት በርሜሉ ገላ ላይ ቀይ ክብ ይታያል። ያንን ቀይ ያየ የተረኛ ኃላፊ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ምድጃው ይቆማል፣ ቀናት ይፈጃል። ኅብረተሰቡ «ሲሚንቶ ጠፋ» ሲል ነገሩን ሁሉ በደላላ ላይ ያላክካል፤ ደላላ የለበትም አልልም፤ ግን አንዳንዴ የጠፋው ጡብ ነው።

ወጡንና ድስቱን በአንድ ራስ የያዘ ሰው ምን እንደሚሠራ ካርል ቦሽ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መሣሪያ አሳየ። ዩሪያም ሆነ ሌላው የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ይህን ወደ ፋብሪካ የማሳደግ ሥራ ለቦሽ ተሰጠ። የብረት ቧንቧ ሠራ፣ ግፊቱን ከአየር ግፊት ወደ 200 እጥፍ ከፍ አደረገ፣ ከ500 ዲግሪ በላይ አሞቀው፤ 80 ሰዓት ገደማ ሠርቶ ፈነዳ። ደገመው፣ ፈነዳ። ኬሚስትሪው ትክክል ነበር። ቦሽ ግን ከኬሚስትሪው ሌላ የብረት ሥራም ተምሮ ነበርና የፈነዳውን ብረት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ አየው። ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ፣ ብረቱን የሚያጠነክረውን ካርቦን በልቶ፣ አልፈስፍሶት አገኘው። መፍትሔው ድስት በድስት ውስጥ ሆነ፦ ከውስጥ ካርቦን የሌለው ለስላሳ ብረት፣ ከውጭ ግፊቱን የሚሸከም ጠንካራ ብረት፤ በውጭኛው ላይ ደግሞ ሾልኮ የሚመጣው ሃይድሮጅን የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች። በ1913 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። የዓለም እህል ገበያ በነዚያ ቀዳዳዎች አለፈ ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ያነሳሁት ከእኛ ስላልራቀ ነው። ማዳበሪያ ከጅቡቲ እየተጫነ ሲገባ እያየን ኖረናል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ተፈራርሟል፤ ጥሬ ዕቃው የሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ያ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ቦሽን ያስጨነቀው ሃይድሮጅን በእኛ ፀሐይ ሥር በቧንቧ ይዞራል። ቧንቧውን ማን ይመርጠዋል? ማንስ በየዓመቱ ውፍረቱን እየለካ «ይህ ይቀየር» ይላል? እዚህ የተቀመጣችሁ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናችሁ፤ እናንተ ካልሆናችሁ ሰው ከውጭ ይቀጠራል።

አንድ ሰው ደግሞ ከእኛው ወገን ልጥራ። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ታላቁ የግእዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ወታደሮች ሊይዟቸው መጥተው በተኩስ ቆስለው እግራቸው ሽባ ሆነ፣ ቤተሰቡም ተሰደደ። አባትየው በአሜሪካ ሚኒሶታ የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩ ኖሩ፤ ልጅቱ ኤም.አይ.ቲ. ገብታ ማቴሪያል ሳይንስ አጠናች። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ሥራ ስለ ነዳጅ ሴል ነው፤ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሳይነዱ ተገናኝተው ኤሌክትሪክና ውሃ የሚሰጡበት መሣሪያ። በመካከላቸው የሚቀመጠው ግድግዳ ነበር ያስቸገረው፦ አንደኛው ዓይነት ሁልጊዜ እርጥበት ስለሚሻ ከ100 ዲግሪ በላይ አይወጣም፣ ሌላው ሴራሚክ ስለሆነ እጅግ ከፍተኛ ሙቀት ይጠይቃል። እርሷ በመካከል ያለ ጠጣር አሲድ አቀረበች፤ ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ጠጣር እንደሆነ ፕሮቶን የሚያሳልፍ። ቁሱ ግን ውሃ ከነካው ይሟሟል፤ የሚያመርተው ደግሞ ውሃ ነው! መላው ውሃውን እንፋሎት ሆኖ እንዲቀር በሚያደርግ ሙቀት ላይ ማሠራት ሆነ። ከዚያም የመጀመሪያው ቁስ፣ ሰልፌት የነበረው፣ በሃይድሮጅኑ እየተበላ ሲያስቸግር እርሱን ትተው ወደ ፎስፌት ዞሩ። አባት የደበዘዘ ብራና ሲያነቡ፣ ልጅ አተሞች እንዴት እንደተደረደሩ ስታነብ፤ ከአንድ ቤት የወጣ አንድ ዓይነት ትዕግሥት ይመስለኛል።

እሺ፤ አሁን ወላጆች በልባችሁ የያዛችሁት ጥያቄ አለ፤ ሥራስ ያገኛል ወይ? ሳልሸፋፍን ልናገር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ተደረገ። መሐንዲስ በዛ፣ ፋብሪካ ግን በዚያ ልክ አልበዛም። በዲግሪው ኮብልስቶን ያነጠፈ ልጅ ታሪክ ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ቀልዱን የሚያወራው ራሱ ልጁ ነበር። ስለዚህ ኬሚካል የገባ ሁሉ ደመወዝ ይጠብቀዋል ብዬ አልምልላችሁም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ አምስት ዓመት ተቀምጦ መውጣት ብቻ አይበቃም።

የምላችሁ ሌላ ነው። ይህ ሙያ አንድ በር አይደለም። ስኳር፣ ቢራ፣ ለስላሳ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ቀለም፣ መድኃኒት፣ ቆዳ፣ ጨርቅ ማቅለም፣ የመጠጥ ውሃ ማጣራት፣ ሁሉም የወጡን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋሉ። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ግን ልጆቻችን ሶፍትዌር፣ ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል ብለው ይደረድሩና ኬሚካልን ወደ ታች ያወርዱታል፤ «ደረሰኝ» ይባላል እንጂ «መረጥኩት» አይባልም። የደረሰው ልጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ሲያኮርፍ ይኖራል። እዚሁ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ኬሚካልን ከባዮ ምህንድስና ጋር ያስተምራል፤ ባሕር ዳር ከምግብ ምህንድስና ጋር ያያይዘዋል፤ ማቴሪያልን በስሙ ለማጥናት የፈለገ አዳማ ወይም ጅማ ይሂድ። እኔ የማልስማማበት ሁለቱ ትምህርቶች በአጥር የተለያዩ ያህል መቆጠራቸው ነው። የኬሚካል ተማሪ ስለ ብረትና ስለ ዝገት አንድ ሴሚስተር በጨረፍታ ይማራል፣ የማቴሪያሉ ተማሪ ስለ ፋብሪካ ሂደት ከዚያም ያነሰ። ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት በራሴ ላይ ስላየሁት ልንገራችሁና ልጨርስ።

አራተኛ ዓመት ሳለሁ ለኢንተርንሺፕ አንድ ፋብሪካ ተመደብኩ፤ ስሙን አልጠራውም፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ውሃ የሚያሞቅ የእንፋሎት ቱቦ ነበራቸው፤ እንደዚህ በራድ ኖራ ለብሶ ሙቀት ማሳለፍ ትቷል። «አጥብላችኋለሁ» አልኩ። እናቴ በራዱን በሎሚ ስታጥበው ሲንተከተክ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አሲድ ኖራ እንደሚያሟሟ ማን ይነግረኛል! ቅርፊቱን ለካሁ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ ገመትኩ፣ የሚበቃውን አሲድ አሰላሁ። ስሌቱ ልክ ነበር። በአንድ ሰዓት ቱቦው እንደ አዲስ አበራ፤ ሰው ሰብስቤ አሳየሁ፣ ፎቶም ተነሳሁ። በሳምንቱ ቱቦው በሰባት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ።

ሃያ ዓመት እዚያ የሠሩ አንድ ቴክኒሺያን ነበሩ። መጥተው በእጃቸው ዳሰሱትና «ልጄ፣ ቱቦውማ ከሥር ተበልቶ ካለቀ ቆይቷል፤ ይዞት የነበረው ቅርፊቱ ነው» አሉኝ። እኔ አሲዱ ቅርፊቱን ምን እንደሚያደርገው አስልቼ፣ ብረቱን ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅሁም። ብረቱን ከአሲድ የሚከላከል መድኃኒት አብሮ እንደሚጨመር እንኳ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወጡን ቆጥሬ ድስቱን ረሳሁት። አልተቆጡኝም፤ ቱቦውን በመጋዝ ቆርጠው አንድ ስንዝር ያህል ሰጡኝ።

ይኸው፣ ይህ ነው። ከፊት ረድፍ ጀምሮ ይዙር። ወደ መብራቱ አድርጋችሁ በውስጡ ብታዩ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ፤ ጠርዙ ስለታም ነው፣ ልጆች ተጠንቀቁ። እርሱ እስኪመለስ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ከኋላ ያሉት እናት ይቅደሙ።